አራት ወር ሙሉ ስለሚመረመረው የዲቪዲ ማጫወቻዬ

ጎንደር፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ አላምረው፣ የኬላችን የዕቃ ፍተሻ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ከምሳ በኋላ መጋረጃ ዘግተው ቴሌቪዥን ላይ ሲያፈጡ እንደሚውሉ ስለሰማሁ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለዓይንዎ ጤና እመኛለሁ። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ወደ እርሻ የተመለስኩ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ የወገራው መለሰ ነኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ ነገሬን ያለሰልስብኛል ብዬ በእጄ ጻፍኩት።

ላላወቀ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሕሊና ጣሊያን አገር ስታገባ እናቷ ወለተሩፋኤል ሄዳ መረቀቻት፤ ምርቃቷም በዲስክ ተቀረጸ። በተመለሰች በሁለተኛው ወር አረፈች። ድምጿ ከዚያ ዲስክ በቀር የትም የለም። ዲስኩን ከተማው ባለው ማጫወቻ ሁሉ ብንሞክረው እምቢ አለ። ነጋዴው ጃቢር «አያ መለሰ፣ የዚያ አገር ዲስክ የዚያን አገር ማጫወቻ ነው የሚፈልግ» አለኝ። ልጄም ከዚያው ላከችልኝ፤ እርስዎም ኬላው ላይ ተቀበሉልኝ። እግዜር ይስጥልኝ። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር ይቀጥላል።

1ኛ. «ለምርመራ ነው፤ ሐሙስ ና» ስላሉኝ። አባትዎን በምሆን ሰውዬ ላይ «ና» ማለትዎን እንደ ፍቅር ቆጥሬ አሥራ ስድስት ሐሙስ መጣሁ። ጥንቃቄዎ ሸጋ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ እንኳ እንዲህ አይመረመርም።

2ኛ. ሙት ዓመቷ ደረሰ ብዬ ስለምንዎ «ሙት ምን ያስቸኩለዋል?» ብለው ስላጽናኑኝ። ዘበኛዎ አፍሮ አንገቱን ደፋ። እኔ አልደፋሁም፤ ቃልዎን ይዤው ሄድኩ።

3ኛ. ማጫወቻዬን ቢሮዎ ሰክተው ስለሚደክሙበት። በመጋረጃው ቀዳዳ ያየ ሰው እንደነገረኝ፣ ከከተማ የገዙትን ፊልም ሁሉ ቢተፋብዎ በጥፊ መቱት አሉ። ምነው ጌታዬ? ምርመራው እዚህ ደረሰ?

እንግዲህ ሙት ዓመቷ ጥር 16 ነው። ዘመድ ከአምባ ጊዮርጊስም ከመካነ ብርሃንም ድምጿን ሊሰማ ተጠርቷል። ማጫወቻው ያለው እርስዎ ዘንድ ስለሆነ ተዝካሯን እዚያው አወጣዋለሁ። ድንኳኑ ከኬላው በር ፊት ይተከላል፤ ካህናቱ ፍትሐቱን ከመስኮትዎ ሥር ያደርሳሉ። ሴቶቹም ወለተሩፋኤልን እየጠሩ ያለቅሳሉ፤ ፊታቸውን ወደ እርስዎ አዙረው። «ማን ነው ድምጿን ያገተው?» የሚል እንግዳ ከመጣ እኔ አልናገርም፤ በጣቴ ብቻ ወንበርዎን አሳያለሁ።

አሥራ ስድስት ሐሙስ ቆሞ የጠበቀዎ፣ ጥር 16 ግን ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅዎ፣

መለሰ ሐብተ ማርያም

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ዳኛ፣ ድንኳኑን እንዲያዘጋጁ፤
ለነጋዴው ጃቢር፣ ቴሌቪዥን ስለሚያውሰን፤
ለኬላው በር፣ በሙጫ።

ለካ ዋናውን ረስቻለሁ፦ ያ ማጫወቻ የኛን አገር ዲስክ የሚቀበለው በሪሞቱ ቁጥር ሲጫኑለት ብቻ ነው ይላል ጃቢር። ሪሞቱን ልጄ ከማጫወቻው አስቀድማ በሰው ልካልኝ ኖሮ ኪሴ ውስጥ ነው። ፈልገውት ቤቴ ድረስ ከመጡ መልሴን ከወዲሁ ይወቁት፦ ሐሙስ ና።