ሱራፌል ሚኒባሱን ወስዷል

ወንድም ጋሼ፣

ስልክህ እንቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። ቡታጅራ ድረስ የሄድክለትን የፍሬን ዕቃ ሳይጠብቅ ሱራፌል ሚኒባሱን ከጋራዡ አስነስቶ ወሰደ።

የፍሬኑ ዘይት አሁንም እንደሚያፈስ ነግሬዋለሁ። የአረቅጥ ተሳፋሪዎቹ ግን ዕቃቸውን ጭነው ጨርሰው ነበር። ሱራፌል «እህቴ፣ አረቅጥ እኮ ዳገት ነው፤ ለመውጣት ፍሬን ምን ያደርጋል?» ሲል ሁሉም ሳቁ። መመለሻው ግን ቁልቁለት ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ የመስቀል መንገደኛ አይከለከልም» አሉኝ።

ይህንን ከአንተም ሰምቼዋለሁ። ሳይፈተሽ መኪና አይወጣም ብለን ተስማምተን ነበር፤ ለካ ስምምነታችን መስቀል እስኪደርስ ብቻ ኖሯል። ደንበኞች ፊት «እሷ መኪና የምታውቀው በመጽሐፍ ነው» ካልክ ወዲህማ ማን ይሰማኛል...
ይቅር።

ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀው። የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ጎረቤታችን ትርሲት ጋ ትቼዋለሁ።

ሱራፌል «ካላመንሽኝ አብረሽን ውጪ» አለኝ። እሺ አልኩት። አሁን ማደያ ተሰልፏል፤ ሲቀዳ በዚህ በኩል አልፎ ይወስደኛል። ዘይቱን ሞልቼለታለሁ፣ አንድ ጠርሙስም በቦርሳዬ ይዣለሁ። አጠገቡ ከተቀመጥኩ ምናልባት ቀስ ብሎ ይነዳ ይሆናል። ከዚህ ሌላ ማድረግ የምችለው አልታየኝም።

ጥሩምባውን እየነፋ ነው።

ይህን እንዳነበብክ ደውልለት። አንተ «ተመለስ» ካልከው ይመለሳል።
እኔ ብዬዋለሁ።

ሔራን