አራሷ ዓሣዬ

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ቀየት

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ታቅፌ ያመጣኋት፣ እንቁላል ሳትጥል የምትወልደው ትንሿ ጉፒ ዓሣ ዛሬ ወለደች። አብሯት የመጣው ወንዱ በታኅሣሥ ውርጭ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ስለነበረች ፈጽሞ አልጠበቅሁም። ጠዋት የመስታወት ገንዳውን የማለብሰውን ባና ስገልጥ፣ ከትንኝ የማይበልጡ ልጆች በውኃው ሣር ውስጥ ተሸሽገዋል። እናታቸው እንዳትበላቸው በማንኪያ እየቀዳሁ ወደ ጠርሙስ አዛወርኋቸው። አሥራ አንድ ተረፉ።

ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላጣሁ አከራዬን እትዬ ድንቄን ጠራኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ወንድ ናቸው ሴት? እልልታውን ስንት ላድርገው?" አሉኝ። ገና አይለይም አልኋቸው። ቀና ብለው ወጡ። ቀልደው ነው ብዬ ወደ ትምህርት ቤት ሄድሁ።

አስተምሬ ስመለስ ገንፎ ሠርተው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠዋል።

"ምነው እትዬ?"

"አራስ ብቻዋን አትተውም፣ ልጄ።"

ገንፎውን አብረን በላን። እዚህ ከተመደብሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ በዚህ ክፍል ከሰው ጋር ስበላ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ለዓሣዋ ብለው ይሁን ለእኔ አልጠየቅኋቸውም። ሲወጡ፣ "ወንድ ከሆኑ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆኑ ሰማንያ ቀን እየመጣሁ እጠይቃታለሁ" አሉ።

ምነው ሁሉም ሴት በሆኑ።