ለእማዬ የነገርኳት ምክንያት

ውድ እታለም፣

ስልክ ስደውል አታነሺም። መልእክት ስልክልሽ አንብበሽ ዝም ትያለሽ። የመጨረሻው ቃልሽ «ለራሱ ላላዘነ ሰው እኔ አላዝንም፤ ሁለተኛ እንዳትደውል» የሚል ነበር። እሺ፣ አልደወልኩም፤ እየጻፍኩልሽ ነው። የምትቀጂውም ከሆነ እስከ መጨረሻው አንብበሽ ቅደጂው፤ ዋናው ነገር ከታች ነው።

እማዬ ስለ እኔ የነገረችሽ ውሸት ነው። ውሸታሙ ግን እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በጫማ ነው። ሲመሽ ጫማዬ አልወልቅ ይለኝ ጀመር። ገላዬንም ያሳክከኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተንበርክኬ የሰው ፍሪጅ ስጠግን እየዋልኩ እግሬ ቢያብጥ ምን ይገርማል ብዬ ተውኩት። በኋላ ሆዴ ተነፋ፣ ቀበቶዬም አልደርስ አለኝ። አብሮኝ የሚጠግነው ጓደኛዬ «አንተ፣ ስንተኛ ወርህ ነው?» እያለ ሲስቅብኝ ከረመና አንድ ቀን ዓይኔ ቢጫ መሆኑን በፀሐይ ሲያይ ሳቁን አቆመ። እጄን ይዞ ሆስፒታል የወሰደኝ እሱ ነው።

ሐኪሟ ገና ስታየኝ «መጠጥ ትወስዳለህ?» አለችኝ። «አልወስድም» አልኳት። በማግስቱም ደግማ ጠየቀችኝ። ነርሱም ጠየቀኝ። አልትራሳውንድ የሚያነሳውም ያንን ቀዝቃዛ ነገር ሆዴ ላይ እየቀባ «ድሮስ?» አለኝ። አንቺ ታውቂያለሽ፤ ሠርግ ላይ ባዶ ብርጭቆ ይዤ ለስላሳ ፍለጋ ስለምዞር አይደል «ለስላሳ» የሚል ስም የወጣልኝ? ጓደኛዬማ ውጤቱን ሲሰማ «ስምህ ለስላሳ፣ ጉበትህ ድንጋይ» ብሎ ቀለደና ፊቱን አዞረ።

አዎ፣ ጉበቴ ጠባሳ ብቻ ሆኗል፣ እታለም። ሲሮሲስ ይሉታል። ከምን መጣ ብዬ ስጠይቅ ፍለጋ ጀመሩ። የጉበት ቫይረሶችን ፈለጉ፣ የለም። ብረት ደሜ ውስጥ በዝቶ እንደሆነ አዩ፣ መዳብ አዩ፣ ሰውነቴ ራሱን በራሱ እየወጋ እንደሆነ አዩ፤ የለም። የምሠራበትን የፍሪጅ ጋዝ ሳይቀር ጠየቁኝ። በመርፌ ከጉበቴ ቆንጥረው ወሰዱ። በመጨረሻ ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ «ምክንያቱ አልታወቀም» አለችኝ።

ይሄ አልገባኝም። አሁንም አልገባኝም። ፍሪጅ አላቀዘቅዝ ካለ ወይ ጋዙ አልቋል፣ ወይ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ወይ ልጆች መቆጣጠሪያውን ነካክተውታል። ጋዙ የሚያመልጥበት ካልታየኝ ቧንቧውን የሳሙና አረፋ እቀባዋለሁ፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ያለበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። ደንበኛዬን «ምክንያቱ አልታወቀም» ብለው ፍሪጁን አናቴ ላይ ይሰብረው ነበር።

«ታዲያ ምኑን ነው የምታክሙኝ?» አልኳት።

«እብጠቱን እናጎድላለን፣ እንዳይብስ እንከታተላለን» አለች። ቀጥላም «እህት ወንድም አለህ?»

«አንዲት ታላቅ እህት።»

«አላገኘነውም ማለት የለም ማለት አይደለም። በዘር የሚሄድ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። እሷም ትመርመር።»

ቤት ስመለስ ምክንያቱ እንዳልታወቀ ለእማዬ ነገርኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! መጀመሪያ መርዙ ከነሱ ነው ብላ ድስቶቹን ጣለች። ከዚያ ዘይቱን። ጨው ሳይቀር ደፋች። የሚጣል ሲያልቅባት ወደ ራሷ ዞረች። «አንተን ያረገዝኩ ጊዜ ዓይኔ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ለማንም ሳልናገር አሳለፍኩት። በሆዴ ሳለህ የመረዝኩህ እኔ ነኝ» አለችኝ። ሐኪሟ እንደዚያ አላለችም ስላት «ታዲያ ከምን ነው?» ትለኛለች። እህል አልቀምስ አለች። በሽተኛው እኔ እየበላሁ እሷ ከሳች።

አንድ ቀን ምሳ ቀርቦ እጇን ሳትዘረጋ ስትቀር፣ ሳላስበው «እማዬ፣ እጠጣ ነበር» አልኳት።

«ምን?»

«በድብቅ። ሥራ ቦታ። ብዙ ዓመት።»

በጥፊ አጮለችኝ። አለቀሰች፣ ሰደበችኝ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ አንተ የሰይጣን ቁራጭ!» አለችኝ። ከዚያ ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችና በላች። እንዴት እንደበላች ብታዪ! ምክንያት አገኘችና ነፍሷ መለስ አለ። እኔም ለጥቂት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ምነው በእውነት ጠጪ በሆንኩ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜም አለ፤ በሽታው የኔ ብቻ ይሆን ነበራ።

ለአንቺ ትነግርሻለች ብዬ ግን አላሰብኩም። ነገረችሽ፤ አንቺም አመንሽ። እንዴት አመንሽ? ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽሽም። ቅሬታዬን ለጊዜው ተዪው፤ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ሳንጣላ በፊት «ገላዬን ያሳክከኛል፣ ሳሙና ብቀይርም አልተወኝም» ብለሽኝ ነበር። ጫማም ይጠበኛል፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሳስተምር ስለምውል ነው ብለሽ ስቀሽ ነበር። ያኔ አብሬሽ ሳቅኩ። አሁን ግን የኔም በማሳከክና በጫማ እንደጀመረ ትዝ ይለኛል። ምናልባት ሳሙናው ነው። ምናልባት ጫማው ነው። እኔ እንጃ፣ ግራ ገብቶኛል። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ሂጂና ተመርመሪ። «ወንድሜ ጠጪ ስለሆነ ነው» ብለሽ እንዳትቀሪ። «ወንድሜ ጠብታ ሳይቀምስ ነው የታመመው» ብለሽ ንገሪያቸው። ነፃ ከሆንሽ ለእማዬ ምንም አትበያት፤ በኔ እየተቆጣች እህሏን ትብላ። አንቺም ላይ ከተገኘ ግን ውሸቴ ይፈርሳል፣ እሷም ተመልሳ ራሷን መክሰስ ትጀምራለች። ያኔ ምን እንደምላት አላውቅም። ይፍረስ፣ ግዴለም። ብቻ አንቺ ተመርመሪ።

ለእማዬ ጠጪው፣
ላንቺ ለስላሳው፣
ወንድምሽ