ለማያመኝ ጠጠር የተሰጠኝ ዜሮ

ለተከበሩ የሽንት ቧንቧ ሕክምና ክሊኒክ የቀጠሮ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም ሽንትዎ እንደ ልብ እየወረደልዎ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ዊብረን ዛንድስትራ እባላለሁ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ እንደ ማንኛውም ራሱን የሚያከብር የሰሜን ሆላንድ የፍሪስላንድ ሰው፣ በረጅም ምርኩዝ ቦይ ስዘል ውኃውን ስቼ ዳርቻው ላይ በማረፌ ህብለ ሰረሰሬ ተጎድቷል። ከዚያ ወዲህ ከደረቴ በታች ያለው አካል የእኔ መሆኑን የማውቀው በዓይኔ ሳየው ብቻ ነው። ይህን የምገልጽልዎ እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን፣ መሥሪያ ቤትዎ ሦስት ጊዜ ነግሬው ስላላመነኝ ነው። በጋዜጣ መጻፌም በስልክዎ ተራ ስጠብቅ ሙዚቃውን በቃሌ ስለያዝኩት ነውና አይቀየሙኝ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራው ላመስግን። ስምንት ወር ሙሉ፣ የሚስቴ ታላቅ እህት ቺትስከ ቤት ለዘመድ የልደት ቀን ተጠርተን ወንበር በክብ ደርድረን በተቀመጥን ቁጥር ራሴን ይወቅረኝ፣ ፊቴ በላብ ይታጠብ፣ የክንዴ ጸጉር ይቆም ነበር። ቤተ ዘመዱ መከረና ቺትስከ እንደማትስማማኝ ወሰነ። እሷም «እኔ ነኝ እንግዲህ በሽታህ?» ስትለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አልካድኩም፤ በዚሁ ሰበብ ከአራት ልደት ቀርቻለሁ።

በመጨረሻ የክሊኒክዎ ሐኪም ዶክተር ኦፍሪንጋ በካሜራ አዩና «ፊኛዎ ውስጥ የርግብ እንቁላል የሚያህል ጠጠር አለ» አሉኝ። «እኔን እኮ የሚያመኝ ራሴን ነው» አልኳቸው። «ፊኛዎ ሕመሙን ሊነግርዎ ስለማይችል የደም ግፊትዎን ሰቅሎ በራስዎ በኩል ይጮኻል። እዚያ ቤት ቡና እየተደገመ ሲቀዳልዎ፣ እርስዎም ሽንትዎን በቱቦ ለማውጣት ከሰው መሃል መነሳት ሲያፍሩ፣ ፊኛው ይሞላል፣ ጠጠሩ ይቧጥጠዋል። ቀልድ አይደለም፤ የአንጎል ደም ሥር ሊበጥስብዎ ይችላል፤ ቶሎ መውጣት አለበት» አሉኝ። አባቶች በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ በሽታው ራሱ ከባለቤቱ ሲደበቅ ምን እንደሚደረግ ግን አልነገሩንም።

ሁለተኛ፣ በማግስቱ ስለደወለችልኝ ትሑት ሠራተኛዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ይስጡልኝ» አለችኝ። ከደረቴ በታች ቢላ ቢሰካብኝ እንኳ እንደማላውቅ አስረዳኋት። «እሺ፣ ዜሮ ብዬ ልያዘው» አለች። ራሴን ሲያመኝስ ምን ይባላል ብላት «ጌታዬ፣ እኛ የምንይዘው ሽንት ብቻ ነው፤ ለራስ ምታት ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ይደውሉ» ብላ መከረችኝ። ለዜሮም የሚገባውን ቀጠሮ ሰጠችኝ፤ ከአሥራ አንድ ሳምንት በኋላ።

ሦስተኛ፣ እስከዚያው ሕመም ከተሰማኝ ፓራሲታሞል እንድወስድ ስለታዘዘልኝ አመሰግናለሁ። ከደረቴ በታች ሕመም የሚሰማኝ ቀን ፓራሲታሞል ሳይሆን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ ድግስ እንደምደግስ፣ እርስዎም የክብር እንግዳዬ እንደሚሆኑ ከወዲሁ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

አራተኛውን ያለ ጨዋታ ልጻፍልዎ። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ሚስቴ ባውክየ ሌሊት እየባነነች ተነስታ ግንባሬን ትዳስሳለች፤ ደረቅ ሆኖ ካገኘችው ተመልሳ ትተኛለች። አሥራ አንድ ሳምንት እንዲህ መተኛት አይቻልም።

ይቅርታ ልጠይቅ ቺትስከ ዘንድ ሄጄ የጠጠሩንና የዜሮውን ነገር ብነግራት፣ ሴትዮዋ አርባ ዓመት የዓሣ መሸጫ ያስተዳደረች ናትና ይቅርታዬን ሳታስጨርስ ስልኩን አንስታ ወደ ክሊኒክዎ ደወለች። ከመሥሪያ ቤትዎ ስምና የትውልድ ቀን ሲጠይቋት የራሷን ሰጠች። ሕመሙ ስንት ነው ሲሏት «አሥር! እሱ ያለበት ክፍል ስቀመጥ ደግሞ አሥራ ሁለት ነው» አለች። «የት ላይ ነው የሚያምዎት?» ቢሏት «ፊኛ ላይ፤ ጠጠር ነው፤ ዶክተር ኦፍሪንጋን ጠይቋቸው» ብላ ዘጋችባቸው። እኔ በሦስት ስልክ ያላገኘሁትን አክብሮት በሁለት ደቂቃ አገኘችው።

ቅጽዎ ላይ ከዜሮው ጎን «አይሰማውም» የምትል አንዲት ትንሽ ሣጥን ቢያስጨምሩልኝ፣ ውለታዎን ከደረቴ በላይ ባለው አካሌ ሁሉ ሳስታውስ እኖራለሁ።

ስሞታ ከማያውቅ ግማሽ አካልና ከሚያልብ ግንባር ጋር፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሳ፣
ዊብረን ዛንድስትራ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የክሊኒክዎ ደብዳቤ ደረሰ። ቺትስከ የፊኛ ጠጠሯን ለማስወጣት የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ እህል ሳትቀምስ እንድትቀርብ ያዛል፤ የእኔ አሥራ አንድ ሳምንት ግን ከነክብሩ እንዳለ ነው። ሁለታችንም ጾማችንን እንመጣለን። ቀዶ ሐኪምዎ ማንኛችን እንደሆንን ከተምታታባቸው፣ የምትጮኸዋን ትተው ዝም ያለውን ይቅደዱ።