በአራት ነጥብ የተከፈተ በር

ኅዳር 3

ተራ ቀን። የክሊኒኩን ድረ ገጽ ሳስተካክል ዋልኩ። ታካሚ የላቦራቶሪ ውጤቱን ቤቱ ሆኖ የሚያወርድበት ገጽ ነው። የሚያወርደው ፕለጊን፣ ገጹ ላይ የሚሰካው ትንሽ ፕሮግራም፣ የጋሼ ሥራ ነው። ታላቅ ወንድሜ ስንት ዓመት ለፍቶበት ለስንቱ ድረ ገጽ በነጻ አድሎታል። እኔንም ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ሐሙስ ይህንኑ የክሊኒክ ገጽ ከፍቶ ለአንድ ትልቅ ድርጅት ያሳያል። ከወደዱት ይቀጥሩታል። እማዬ ካሁኑ ሽር ጉድ ጀምራለች... ምን ተይዞ ጉዞ?

የክሊኒኩ እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ሴትዮ ዛሬም የፋይሉን ስም በአራት ነጥብ ዘግታ ላከች። ለምን ስላት «ልጄ፣ ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ ይተዋል እንዴ?» እትዬ አራት ነጥብ! ጋሼ ፕለጊኑ አራት ነጥብን ወደ እንግሊዝኛ ነጥብ እንዲቀይር ያደረገው ለእሷ ብሎ ነው። አለዚያ ፋይሎቿ አይከፈቱም ነበር።

ኅዳር 4

ኧረ ጉድ!

ፕለጊኑን እየፈተሽኩ ነበር። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ስላሽ (../) ብለህ ከጻፍክለት ኮምፒውተር «አንድ ፎልደር ወደ ኋላ ውጣ» ያልከው ነው የሚመስለው። ሌቦች የሚወዱት ዘዴ ነው። የጋሼ ፕለጊን ግን ነጥቦቹን ገና ሲያይ ያባርራል። አባረረኝ። ደግሜ ስሞክር ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ቀርቶ ኖሯል... አራት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ስላሽ። ሳላስተውል የምሞክርበትን ፋይል ስም ለጥፌ አስገባሁት። የሰርቨሩ ፓስወርድ ያለበት ፋይል እንዳለ ስክሪኔ ላይ ተዘረገፈ!

ለካ ጋሼ ፍተሻውን አስቀድሞ፣ ቅየራውን አስከትሎታል። ዘበኛው በር ላይ አራት ነጥቧን አይቶ «የእትዬ ናት፣ ትለፍ» ይላል። እሷ ከገባች በኋላ ልብሷን ቀይራ ነጥብ ትሆናለች። ከወንበሬ ዘልዬ ተነሣሁ። አጠገቤ ያለችው ዲዛይነር «ምነው፣ ሎተሪ ደረሰሽ?» አለችኝ። ከሎተሪም በላይ! ይሄን ሁሉ ዓመት ማንም ያላየውን እኔ አየሁት።

ከዚያ ደስታዬ በረደ። በዚያ ፓስወርድ የታካሚው ሁሉ ውጤት ይከፈታል። ማን አርግዛለች፣ ማን ሕመሙን ከሚስቱ ደብቋል... ደግሞስ ጋሼ? ሐሙስስ?

ኅዳር 5

ደወልኩለት።

«በአራት ነጥብ? ቀልድሽን ተይ።»

«ራስህ ሞክረው።»

«አይሆንም፣ ተሳስተሽ ነው። ደግሞ ማንም አያገኘውም።»

«እኔ አገኘሁት እኮ!»

ድምፁ ለስለስ አለ። «እስከ ሐሙስ ብቻ ዝም በይ። እህቴ አይደለሽ?»

የማያውቀው ሰው ስህተት ሲነግረው ምስጋናው ማለቂያ የለውም! የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ ያስተማረኝስ ማን ነበር? ተናደድኩ። አሳዘነኝም። እስከ ሐሙስ ምንም ላይሆን ይችላል። ቢሆንስ?

ኅዳር 6

አጠፋሁት።

ለክሊኒኩ ባለቤት ለዶክተሯ ነግሬ ነው። «የራስሽ ውጤት ቢሆን እስከ ሐሙስ ትጠብቂ ነበር?» አለችኝ። ፕለጊኑን አጠፋሁ፣ ፓስወርዶቹን በሙሉ ቀየርኩ። ለጊዜው ታካሚው ራሱ መጥቶ ይውሰድ ተባለ። እትዬ ማስታወቂያ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች፤ በአራት ነጥብ ዘግታ።

ለጋሼ ላክሁለት፤ «አጠፋሁት። ይቅርታ። እስኪስተካከል አላበራውም።»

እማዬ ደወለች። «ወንድምሽን ምን አደረግሽው? እህል አልቀምስ አለኝ እኮ።» ምን ልበላት? ነጥብ አጣላን ልበል?

ኅዳር 7

ከእኔ በፊት የገባ ሰው ይኖር ይሆን? የሰርቨሩን ሎግ፣ ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚመዘግበውን፣ ሳገላብጥ ዋልኩ። አንድ መስመር ላይ አራት ነጥብ! ቀረብ ብዬ ሳየው... «የሠራተኞች ስብሰባ።» እትዬ! ብቻዬን ሳቅኩ። የቀሩት አራት ነጥቦችም የእሷና የእኔው ሙከራ ናቸው። ማንም አልገባም። ኡፍፍ...

ጋሼ ግን አሁንም አልደወለም።

ኅዳር 8

መጣ! ቢሮ ድረስ። ጺሙ አድጓል። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፤ ወንበር ስቦ ላፕቶፑ ላይ ያለውን የፕለጊኑን ቅጂ ከፈተ። «አሳዪኝ።»

አራት ነጥብ፣ አራት ነጥብ፣ ስላሽ። ተዘረገፈ።

እጁን አናቱ ላይ ጫነ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እንባው እስኪመጣ ሳቀ! «ለእትዬ ብዬ በር ከፍቼ...» መጨረስ አቃተው። ሲረጋጋ «እኔም ትናንት ሞክሬው ነበር» አለኝ። «በእንግሊዝኛው ነጥብ። በአማርኛው መሞከር ፈራሁ።»

ከዚያ በኋላማ ምሳም አላስታወስን። ቅየራውን አስቀደምን፣ ፍተሻውን አስከተልን። መጨረሻ ላይ ደግሞ ፋይሉ እውነት ከፎልደሩ ውስጥ መሆኑን የሚያጣራ ጨመርን። እሱ ይሠራል፣ እኔ ለመስበር እሞክራለሁ። በአራት ነጥብ ሞከርኩ፣ አባረረኝ። በድርብ ሰረዝ ሞከርኩ፣ አባረረኝ። በሕይወቴ መባረር እንዲህ አስደስቶኝ አያውቅም! ፕለጊኑን ለሚጠቀሙት ሁሉ «ዛሬውኑ አዲሱን ጫኑ» ብለን ላክን። የክሊኒኩም ተመልሶ በራ።

«ነገ ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት።

«ያለውን ነዋ። ማን ይናገር የነበረ።»

ኅዳር 9

ሐሙስ። ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ደወለ። ያዘጋጀውን ትቶ ቀዳዳውን ነው ያሳያቸው፤ እንዴት እንደተከፈተ፣ እንዴት እንደተደፈነ። «ማን አገኘው?» ሲሉት «እህቴ» ብሏል። «በኩራት ነው ያልኩት» አለኝ። እኔ ደግሞ ስልኩን ይዤ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ኅዳር 21

ድርጅቱ ሌላ ሰው ቀጠረ። እማዬ አዘነች። ጋሼም ቅር ብሎታል፣ አይደብቅም። ደጋግሜ አሰብኩት፤ ዛሬም ቢሆን አጠፋው ነበር።

ጠዋት አዲስ የሚሠራውን ፕለጊን ላከልኝ። ገና ለማንም አላሳየውም። «አንቺ ሳታዪው አይወጣም» ይላል መልእክቱ። እስከ ዛሬ የእኔን ሥራ የሚያርመው እሱ ነበር እኮ! ቀኑን ሙሉ ላይ ታች አልኩበት። አንድ ቦታ ላይ ያዝኩት። ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳ አለው።»

«የቱ ጋ?» አለኝ።