አራተኛው እንግዳ

ልጄ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህም ጉልበት ተሽሎታል።

ለፈረንጇ እጮኛህ፣ ለእናቷና ለወንድሟ ቪዛ እንድፈርምበት የላክኸው ፎርም ደርሶኛል። ነገሩ ግን አላማረኝም። ለሁለት ሳምንት ጉብኝት ይሄ ሁሉ ሰው? እዚሁ ሊቀሩ አስበው እንዳይሆን ብዬ ከፎርሙ ጋር የላክኸውን መመለሻ ቲኬታቸውን ሦስቴ አገላበጥኩት።

ከእንግዶቹ ስም ዝርዝር መጨረሻ ያንተን ስም ሳይ፣ ተሳስተህ መስሎኝ በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። ኢሚግሬሽን የምትሠራው ልጅ ግን፣ «እማማ፣ ዜግነት ቀይሮ ይሆናላ! እንደዚያ ከሆነ እሱም በቪዛ ነው የሚገባው» አለችኝ።

አይመለሱም ብዬ የጠረጠርኩት እነሱን ነበር።

የተሰረዘ አይቀበሉም፤ ሌላ ፎርም ላክልኝ፣ አደራ። ያንተን ስም ግን አንተው ጻፈው፤ እኔ እንግዳ ብዬ ልጽፍህ እጄ እምቢ አለኝ። ቤትህ በሰላም ያግባህ።

እናትህ