የጋሽ ይማም ማሽላ ቢጫ አይደለም

ነሐሴ 5፣ ሰኞ ረፋድ

ዛሬም መሃል ላይ ቀጥ አለ። የማሽላው ፊልም ተቀናብሮ ሲወጣ ግማሽ ይደርስና ኮምፒውተሩ ይደርቃል። ወንድሜ ኑሩ ከወልድያ ደውሎ ያንኑ ዘፈኑን ዘፈነ። ማሽንሽ አርጅቷል፣ ያጠራቀምሽውን አውጥተሽ አዲስ ግዢ፤ ካልሆነም የመርሳውን ቪዲዮ ቤትሽን ዝጊና ነይ፣ ጓደኛዬ ስቱዲዮ ትቀጠሪያለሽ። እሱ ስልክ ጠጋኝ ነው፣ የቪዲዮ ነገር ምን አገባው።

ጎኑን ፈታሁት። አቧራው ትራስ ይሞላል። ማራገቢያውን በብሩሽ ጠረግሁ። ዲስኩ ጢም ብሎ ነበር፣ የድሮ ሰርጎችን አወጣሁለት። አስጀመርኩት። ወጣ፣ እስከ መጨረሻው። ኑ. ይስማ።

ደብተሬ፣ ሙሽራ የሌለበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ክረምት ሰርግ የለም፣ እጄን አጣጥፌ ነው የምከርመው። ከሲሪንቃ ምርምር ማዕከል የመጣው የሰብል ባለሙያ አቶ ደረጀ አመነኝ። ገበሬው የታመመ ማሽላን በቅጠሉ ቀለም ከጤነኛው እንዲለይ የሚያስተምር አጭር ፊልም። ከወደዱት በየክረምቱ ሥራ አለ። ካልወደዱት ቤቴን ዘግቼ ወልድያ፣ የሰው ቅጥር።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ቀለሙን ጨረስኩ። "ወርቅ" የምለውን የቀለም ቅንብሬን ጣል አደረግሁበት። ሙሽሮቼ ሁሉ በሱ ነው የሚወጡት፣ የወልድያዎቹ ሳይቀሩ ይኮርጁኛል። ስክሪኔ ላይ ማሳው ለምለም ሆነ፣ ዓይን ይስባል።

ጤነኛው ማሳ የጋሽ ይማም ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዘር ከሳቸው ነው የሚወስደው። ስቀርጽ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ በዱላቸው ያሳዩኝ ነበር፣ ልጅ እንደሚያስተዋውቅ ሰው። ሐሙስ እሳቸው ቤት እናሳያለን። አንድ ሐሳብ የለብኝም።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ ከሰዓት

ጉድ ሆንኩ። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቲቪው ተከፍቶ፣ የታመመው ማሽላ ቢጫ። ጤነኛውም ቢጫ። የኔው ድምፅ ይህ ጤነኛ ነው ይላል። አንድ እኩያቸው፣ ይማም ማሽላህ ታሞ ነበር እንዴ አላቸው። ቤቱ ሳቀ። ጋሽ ይ. አልሳቁም። "ልጄ፣ የኔ ማሽላ እንዲህ አይደለም። ይህን ያየ ሰው ከንግዲህ ዘር አይጠይቀኝም" አሉኝ። ለአቶ ደ. ማሳዬን ከፊልሙ አውጡልኝ ብለውታል። ለምኖ እስከ ሰኞ ጊዜ ወሰደልኝ።

እኔ ደግሞ ቲቪያችሁ ነው ችግሩ አልኩ፣ በሰው ቤት። አፌ አያርፍ።

ነሐሴ 9፣ አርብ

ቲቪው አይደለም። በስልኬም ቢጫ፣ በአቶ ደ. ላፕቶፕም ቢጫ። አረንጓዴ የሆነው እኔ ስክሪን ላይ ብቻ። ካሜራው? ወላሂ አይደለም፣ ነጭ ወረቀት አሳይቼ አስተካክዬ ነው የቀረጽኩት። ገመድ ቀየርኩ። የስክሪኑን ቅንብር እንደ አዲስ መለስኩ። ያው ነው።

ማሳው ድረስ ሄድኩ። ጋሽ ይ. የሉም። ባለቤታቸው አንድ ቅጠል ቆርጠው ሰጡኝ፣ ፊታቸው ግን አልተፈታም። መስኮቴን ከፈትኩ፣ ቀለም ያልነካሁትን ምስል አወጣሁ፣ ቅጠሉን ስክሪኑ ጎን ያዝኩት። ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ለካ ያረጀው እሱ ኖሯል። ከሰው እጅ ከገዛሁት ጀምሮ ሰማያዊውን ለመግደል ቢጫ ስጨምር ከርሜያለሁ። ወርቅ ወርቅ ያልኩት ይኸው ነው። የሀብሩ ወረዳ ሙሽራ ሁሉ እርድ ተቀብታ ወጥታለች፣ አንዲትም አላማረረች።

ብቻዬን እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ የጋሽ ይ. ፊት ትዝ አለኝ፣ ሳቁ ጠፋ።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ፣ ወልድያ

ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በሚኒባስ መጣሁ። ኑ. ኮምፒውተር ልገዛ የመጣሁ መስሎት ደስ ብሎታል። ስክሪን ነው ስለው ግራ ገባው።

ሻጩ ጎበጥ ያለውን ትልቁን አሳየኝ፣ ለጌም የሚወስዱትን። ፍላሼን ሰጥቼ የኔን ማሳ አስከፈትኩ። አብረቀረቀ፣ ማሽላው ፕላስቲክ መሰለ። ደማቁን ምርጫ አጥፋልኝ አልኩና ቅጠሌን አውጥቼ ጎኑ ያዝኩ። ሻጩ ኑ.ን አየው፣ እህትህ ጤነኛ ናት ወይ በሚል ዓይን። ኑ. ጣሪያ ጣሪያ ያያል። አልሆነም፣ ቀጥሎ። ቀጥሎ። ጥግ ላይ ማንም የማይጠይቀው ደብዘዝ ያለ ነበር። ቅጠሉና ምስሉ አንድ ሆኑ። ከጎን ሆኜ አየሁት፣ ቀለሙ አልተለወጠም። እሱን ስጠኝ አልኩ።

መናኸሪያ ድረስ ካርቶኑን ኑ. ተሸከመልኝ። ስለ ቅጥሩ ምንም አላነሳም። ጨርቁን ግን ደጋግሞ ገልጦ አየ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

ቀለሙን ከዜሮ ጀመርኩ። ገረጣ ገረጣ አለኝ፣ እጄ ቢጫ ካልጨመርኩ ይላል። ተው አልኩት። የውርጌሳ ሙሽራ ደወለች፣ ለጥር፤ እንደ እህቴ በወርቁ አድርጊኝ ትላለች። ቆይ እደውልልሻለሁ አልኳት። ምን ልበላት?

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ሰው ሳያየው ቀድመው ይዩልኝ ብዬ ጋሽ ይ.ን ቤቴ ጠራኋቸው። መጡ፣ ዱላቸውን ሳይለቁ ተቀመጡ። ማሳቸው ሲመጣ አቁሚው አሉኝ። ተነስተው ተጠጉ። "ይቺ ከድንጋዩ ሥር ያለችው ዘግይታ የበቀለችዋ ናት" አሉ። ከዚያ፣ "ቀጥዪ።"

ሊወጡ ሲሉ ግድግዳዬ ላይ ያለችውን የማስታወቂያ ሙሽራ አዩ፣ ኩራቴን። ቅጠል እንደሚመረምር ሰው ጠጋ ብለው ቆዩ። "ይቺስ ልጅ ታማ ነበር?"

እርዱን የቀባኋት እኔ ነኝ አልኳቸው።

በሩ ላይ ዞረው፣ ጥር ላይ ልጄን እድራለሁ፣ እሷንም እንደ ማሽላዬ አድርገሽ አውጪልኝ አሉኝ። አልሐምዱሊላህ።

ከሰዓት እሳቸው ቤት አሳየን። ሐሙስ ማሽላህ ታሞ ነበር እንዴ ያላቸው ሰውዬ ዘር ለመናቸው። አቶ ደ. የሚቀጥለው የጤፍ ነው ብሎኛል። ለኑ. አልመጣም ብዬ ጻፍኩ። ወርቅን ከነስሙ አጠፋሁት፣ ግድግዳው ላይ ያለችውንም አወረድኳት። አሁን ለውርጌሳዋ ሙሽራ እደውላለሁ። በመልኳ ነው የምትወጣው። አይ ካለች ደግሞ ትሂድ፣ ለጥር የጋሽ ይ. ልጅ አለችኝ።